ጸሎቱ የተቋረጠበት ምሽት

ልጆች ሳለን ቢቸና፣ አባቴ የልብስ ስፌት ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩን ይታጠባል። ከዚያ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋና "ኑ፣ እንቁም" ይለናል። እናቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሾቼ ከኋላው ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አድርገን እንቆማለን። ያኔ ልቤ ራቱ ላይ ነበር። ዛሬ ግን ከልጅነቴ ሁሉ አብልጦ የሚናፍቀኝ ያ ሰዓት ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ አባቴን በዕድሜ ብዙ የሚበልጡ ሽማግሌ፣ በአጥራችን ድንበር ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍ ሳያማክሩን ቆረጡት። አባቴ ለቤት ማደሻ ይሆነኛል ብሎ ያሳደገው ዛፍ ነበር። ከሱቅ ሲመለስ ወድቆ አገኘውና፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ "በዚህ ሽበትዎ አያፍሩም?" ብሎ ጮኸባቸው። ሽማግሌው መጥረቢያቸውን አንስተው ገቡ።

ማታ እንደወትሮው ቆምን። አባቴ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ። "ኅድግ ለነ" ብሎ፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ታናሽ ወንድሜ ቀሚሴን ጎተተኝ።

"ምነው፣ ጠፋህ እንዴ?" አለችው እናቴ በሹክሹክታ።

"አልጠፋኝም። አፌ እምቢ አለኝ።"

ነጠላውን እንዳጣፋ ወጣ። እናቴ ባትሪ አስይዛ ከኋላው ላከችኝ።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። አባቴ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀሩት።

"ጋሼ፣ የዛፉን ነገር ሌላ ቀን እንነጋገራለን። በሰው ፊት ስላዋረድኩዎት ግን ይቅር ይበሉኝ።"

"የጀመርኩት እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው። "ማገሩ በስብሶ ቤቱ ሊናድብኝ ሆነ። ብጠይቅህ እምቢ የምትለኝ መሰለኝ።"

"እምቢ እልዎት ነበር" አለ አባቴ። ሁለቱም ሳቁ።

"በሉ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" ቀጠለ አባቴ። "ልጆቹ ቆመው እየጠበቁኝ ነው፤ ጸሎቱን አላደረስንም።"

"እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የማደርስ" አሉና ጋቢያቸውን ደርበው አብረውን መጡ። አባቴ ቦታውን ለቀቀላቸው። በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከመጀመሪያው አስጀመሩን። የአባቴን ፊት ሰርቄ አየሁት። ተሸክሞት ያመሸውን ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

በማግስቱ ዛፉን ጠርበው ማገሩን አብረው መቱ። ሽማግሌውም እስኪያርፉ ድረስ ሲመሽ ወደ እኛ ቤት መምጣት አላቋረጡም።

አባቴ አሁን ጉልበቱ ስለደከመ ተቀምጦ ነው የሚጸልየው። እኔ ሞጣ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምኖረውም በኪራይ ቤት ነው። ሕፃን በደህና ተወልዶ እልል የተባለበት ቀን አለ። እናት ባዶ እጇን የተመለሰችበት ቀንም አለ። እንዲህ ባለው ቀን ከሰው ጋር ማውራት ያቅተኛል። ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ ብቻዬን እቆማለሁ። መጀመሪያ ላይ ቃሉን ከአፌ እንጂ ከልቤ አላገኘውም። በውጭ የባጃጁ ጩኸት ይሰማኛል፣ ሐሳቤም ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ይመለሳል። ቀስ እያለ ግን ትንፋሼ ይረጋል፣ ትከሻዬም ይላላል። ያቺን እናት በክርስትና ስሟ አንስቼ እለምንላታለሁ። ከዚያ ራቴን አሞቃለሁ።