የፈረንጁ ስምንትና የናሷ ብሎን

በጣሊያን ጊዜ ልደታ በነበረው ጋራዣችን ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ባሌ ተሰማ ወፍራም መስታወት አጋድሞ ሻካራ ዱቄትና ዘይት ቀባው። ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን ክዳን፣ ደፋበት። "መጻፍ ታውቂ የለ! ስምንት ቁጥር እየጻፍሽ እሺው" አለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ አባቴ ነው። እስከ ቀትር ፰ ስጽፍ ቆየሁ። መጥቶ አየና ሳቁን ለቀቀው። "ኧረ የፈረንጁን ስምንት፣ አንቺ ደብተራ! በዚህ አካሄድ አንድ ጎኑ ይጎደጉዳል።" ደብተራ የሚለው ስም በዚያው ጸናብኝ። በፈረንጁ ስምንት አምስት ቀን አሸሁት።

አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሞተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበትና ይታፈናል። ክዳኑ ሲሳሳለት አየሩን አጥብቆ ይጨምቃል፣ ጉልበት ያገኛል። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን የናስ ብሎን ደግሞ ቀዳዳዋ በጠበበች እንለውጣታለን። ቆላ ሲወረድ የቀድሞዋ ትመለሳለች። ካልተመለሰች ፒስቶኑ ይቀልጣል።

አንድ ጣሊያን ሻምበል እንጦጦን አልወጣ ያለችውን መኪናውን አመጣ። ሠራናት። ሊወስዳት ሲመጣ ተሰማ ሰንጋ ተራ ሄዶ ነበር። "ያወጣናት ብሎን ለቆላ መሆኗን ንገሪው" ብሎኛል። ጣሊያንኛ አላውቅም። በወረቀት ጠቀለልኳት፤ "አዋሽ ሲወርዱ ይህች ትግባ" ብዬ ጻፍኩበት፤ በክር አስሬ ሰጠሁት። ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ።

በሳምንቱ መኪናዋ ከአዋሽ ተጎትታ መጣች። ፒስቶኑ ተበስቷል። ሻምበሉ በአስተርጓሚ "ሆን ብለህ ነው፤ ከአርበኞች ጋር ነህ" አለና ተሰማን አሳሰረው። በዚህ ክስ የታሰረ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም።

መኪናዋ ግቢያችን ቀርታ ነበርና ውስጧን ፈተሽኩ። ጥቅሏ መሪው ላይ ተንጠልጥላለች፤ ክሩ እንኳ አልተነካም። ይዣት ሻምበሉ ዘንድ ሄድኩ።

"ጥቅሉን ለምን አልፈቱትም?" አልኩት።

አስተርጓሚው ጠየቀውና ወደ እኔ ዞረ። "ክታብ መስሎኝ ነው ይላሉ። ክታብ ከተፈታ አይሠራም ብለውኛል ይላሉ።"

እፊቱ ፈታሁት። ናሷ መዳፌ ላይ ወደቀች። "ጽሑፉን ያንብቡላቸው" አልኩት አስተርጓሚውን። አነበበለት።

ተሰማ በማግስቱ ተፈታ። ጋራዥ ሲገባ "ደብተራ፣ ክታብሽ ሊያሰቅለኝ ነበር እኮ" አለኝ። ከዚህ ሌላ አልወቀሰኝም። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ደብተራ ብሎ የሚጠራኝ የለም።

ጋራዥ ለምትሠሩ፦ የፈታችሁትን ዕቃ ስታስረክቡ የት እንደሚገባ ባለቤቱ በሚሰማው ቋንቋ ንገሩት። መልሶ እስኪነግራችሁ ድረስ አትሸኙት።