መርዶውን የቀደመው ፎቶ

ታላቅ ወንድሜ ሹፌር ነበር። ከላንቴ ሙዝ ጭኖ ወደ ሶዶ ሲጓዝ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሬሳው ከሰዓት በኋላ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሲገባ እናቴ ሲቀላ ሰፈር ገበያ ነበረች፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ሀዋሳ ትምህርቷ ላይ። ሁለቱም አልሰሙም።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። የሚናገረው ሰው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይመረጣል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ መኖሩ ይታያል። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ጎረቤታችን ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መከሩ። ለእናቴ ጎህ ሲቀድ ሊነግሯት፣ እህቴን ደግሞ አጎቴ ሀዋሳ ሄዶ "እናትሽን ትንሽ አሟታል" ብሎ ሊያመጣት ተስማሙ። ወንድሜ ውጭ ማደር ልማዱ ስለነበር እናቴ እንደማትጠረጥር አወቅን።

ከተቀመጡት መካከል አንድ አብሮ አደጌ ነበር። ፌስቡክ ከተማችንን እንደ ወረርሽኝ የያዘበት ጊዜ ነው፤ እሱም የሐይቆቹን ፎቶ፣ የሰው ሠርግና የሰው ምርቃት የሚለጥፍበት ገጽ ነበረው። ስንት ሰው እንደወደደለት ሳያይ ሻይ አይጠጣም። የዚያን ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ሰማ። ሽማግሌው "እስከ ነገ አፋችሁን ዝጉ" ሲሉም ከሁላችን ጋር "እሺ" አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እህቴ ደወለችልኝ።

"ወንድሜ የት ነው?"

"መንገድ ላይ ነው። ምነው?"

"አትዋሸኝ። ፎቶውን አይቼዋለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ደጋግሜ ብደውል አታነሳም።

ያ አብሮ አደጌ ከአንድ የሠርግ ፎቶ ላይ የወንድሜን ፊት ቆርጦ አውጥቶ፣ ከሥሩ "የልቤን ወንድም አጣሁ" ብሎ ለጥፎ ነበር። ከወንድሜ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። እናቴም መርዶዋን ከሽማግሌ አፍ አልሰማችም፤ የጎረቤት ልጅ ስልኳን ይዛ እየጮኸች በአጥር በኩል ገብታ አረዳቻት። እናቴ የያዘችውን ጎመን ጥላ መሬት ላይ ተዘረጋች። እኔ ለመድረስ ከበሩ እየሮጥኩ ነበር፤ አልደረስኩም።

እህቴ በማግስቱ አጎቴን ሳትጠብቅ መጣች። ጥቁር ነጠላ ለብሳ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ አንዲት የማናውቃት ሴት ወገቧን ደግፋ ይዛት ነበር። ሴትዮዋ የወላይታ ሰው ናት፤ ሽንኩርት ነጋዴ። አውቶብስ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። አማርኛዋ ሴቱንና ወንዱን እየቀላቀለ እንዲህ አለችን፤

"እኔ ወራጅ ነበርኩ፣ ሶዶ ላይ። ይሄ ልጅ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ምን ሆንክ አልኩት፤ ስልኩን አሳየኝ። እንዴት ብዬ ብቻውን ልተወው?"

ዕቃዋን ሶዶ ለምታውቀው ሰው አውርዳ፣ እሷ ከእህቴ ጋር ቀጠለች። ቀብሩ ላይ አብራን ቆመች። ከሴቶቹ ጋር አድራ፣ በማግስቱ እህቴን ፊቷን አጥባ፣ ከእጇ ትንሽ አጉርሳት ሄደች።

ያ አብሮ አደጌ የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ተቀምጦ እንኳ ሳያበቃ ስልኩን አውጥቶ እናቴ ላይ አነጣጠረ። ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ።

"የለጠፍከውን አጥፋ" አልኩት።

"ክፉ አሰብኩ እንዴ? እስቲ እየው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ነፍስ ይማር ብሏል። በዚህ ከተማ እንዲህ የተለቀሰለት ሰው የለም።"

"ከእነዚህ ውስጥ እህቴ ስትወድቅ ያነሳት ማን ነው?"

"ስሜታዊ አትሁን። ሰው ሁሉ ተቀባብሎታል፤ አሁን ባጠፋውም ለውጥ የለውም።"

ይህን ሲል ዓይኑ ከስልኩ አልተነሳም። በኮሌታው አንቄ ከድንኳኑ ጎትቼ አወጣሁት። አጎቴ መሀል ገብቶ ባያላቅቀን ኖሮ በለቅሶ ቤት ደም አፈስስ ነበር።

ለአርባው ሴትዮዋ ቅቤ ይዛ ከሶዶ መጣች። ማንም አልጠራትም፤ ቀኑን ራሷ ቆጥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመዳችን ሆነች። ልጇን ስትድር ሶዶ ሄደን አብረን አጨብጭበናል፤ እህቴም ከትምህርቷ አንድ ዓመት ወደኋላ ብትቀርም ስትመረቅ ከእናቴ ቀጥላ ያቀፈችው እሷን ነው።

በእኔና በሰውየው መካከል ሽማግሌዎች ገቡ። እሱ "ሐዘኔን ነው የገለጽኩት" ይላል፤ እኔ ለዕርቅ እጄን አልዘረጋም እላለሁ። እናቴ ይቅር አለችው።

"ልጄ፣ ቂም የሞተ አያስነሳም። አንተም ይቅር በለው" አለችኝ።

"አንቺ ይቅር ብለሽዋል፤ ይበቃዋል" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሴቻ ሰፈር መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ተሻግሬ አልፌዋለሁ። ሰላም ሲለኝ ሰምቼ ዝም ብዬዋለሁ። በኋላ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ አሉ፤ ወሬውን የነገረኝ ሰው ሊያስታርቀን ፈልጎ ነበር መሰል ፊቴን ያጠናል። በመሄዱ ደስ እንዳለኝ ነገርኩት።