ከጉና የወረደችው ቢጫ አበባ

ዓለሚቱ የምትኖረው ከገሳይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ነው። ባሏ ሞገስ ከሞተ ወዲህ መሬቱን የሚያርሰው ልጇ ዳኛቸው ነው።

ዓለሚቱ በአፍላ ዕድሜዋ የወለደቻት የመጀመሪያ ልጇ ሞታባታለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሕፃኗ ግን ለዚያ አልደረሰችም። ያልተጠመቀ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ ፍትሐትም የለው። ሞገስ በነጠላ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበራት። አንድም ለቀስተኛ አልመጣም። “ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ” አሏት፤ በቃ።

በዚያው ዓመት፣ የግንቦት ዝናብ ሲጥል፣ ዓለሚቱ እንጨት ልትለቅም ጉና ወጣች። ሣሩ መሀል፣ ከመሬት እምብዛም ቀና ያላለች ትንሽ ቢጫ አበባ ፈክታ አየች። በእጇ ብትምሳት ሥሯ እንደ ነጭ ሽንኩርት ድብልብል ነው። ከዚያው አበባ ጥቂት ነቅላ በመቀነቷ ቋጥራ ወረደችና ሕፃኗ ባረፈችበት ተከለቻቸው። በበጋ ደርቀው ጠፉ። ሞቱ ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ በዓመቱ ዝናብ ሲመጣ ግን ወጡ፣ በዝተውም ወጡ።

ዘንድሮ ዳኛቸው ሚስት ሊያገባ ሆነና ጓሮው ላይ ቆርቆሮ ቤት ልሥራ አለ። ዶማ ይዞ ሲመጣ እናቱን አበቦቹ መሀል ተቀምጣ አገኛት።

“እማዬ፣ ተነሽ እንጂ። ለአበባ ሌላ ቦታ ይጠፋል?”

“እዚህ እኮ እህትህ አለች።”

ዳኛቸው የበኩር ልጅ ነኝ ብሎ ነው ያደገው። ዶማውን ጥሎ አጠገቧ ቁጭ አለ።

“ስሟ ማን ነበር?” አላት።

“ስም ሳይወጣላት ነው የሄደችው። እኔ ግን በሆዴ እመቤት እላታለሁ።”

ይህን ለሞገስ እንኳ ነግራው አታውቅም። ከአፏ ሲወጣ ያኔ ያላለቀሰችው ልቅሶ ሁሉ ገንፍሎ መጣ። ዳኛቸው ትከሻዋን አቀፋት።

ቤቱ በመንገዱ ወገን ተሠራ። ጠበብ ብሏል፤ ሙሽራይቱም ለምን እንደሆነ ስትሰማ ቅር አላላትም።

ወሬው ሰፈር ገባ። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ ሙሉ መጥታ አጥሩ ሥር ቆመች። ሙሉ ጨዋታ የማያልቅባት ሴት ነች፤ የዚያን ዕለት ግን አንገቷን ደፍታ ነበር።

“ዓለሚቱ፣ ከዚህ አበባ ጥቂት ትሰጭኛለሽ?”

“ለጓሮሽ?”

“ለጓሮዬ። እኔም አንድ አለኝ፤ ወንድ ነበር።”

ዓለሚቱ ሌላ አልጠየቀቻትም። ሁለቱም ተንበርክከው፣ ሥሩ እንዳይጎዳ ቀስ እያሉ፣ አፈሩን በጣታቸው ማሱ።