የተቀደዱት የመጨረሻ ገጾች

ከደሴ በወጣሁበት ማለዳ ጉሙ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ተኝቶ፣ ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይሳብ ነበር። ኩርባው ላይ ሰይድ ቆሞ አየሁት። ሰይድ ግን በዚያ ሰዓት ኮምቦልቻ ታስሮ ነበር።

"እዚያ የቆመው ማነው?" ብዬ ሹፌሩን ጠየቅሁት።

"ጉም ነው፣ ጋሼ።"

ለማታውቁኝ፣ ቧንቧ ውሃ ልብ ወለድ አከራይ የነበርኩት ይመር ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ አማርኛ፣ አረብኛና እንግሊዝኛ ራሴን አስተምሬ፣ ጠበቃ ሳይቀር ቃል ሲጠፋው ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ይህን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ከመጻሕፍቴ ሁሉ በጣም የሚፈለገው አንድ የትርጉም ልብ ወለድ ነበር። አንድ ጥቁር አናጢ ጎተራ አቃጥለሃል ተብሎ ይከሰሳል፤ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው አንድ ነጭ ጎረቤቱ ብቻ ነው። ይመሰክርለት ይሆን? የመጨረሻዎቹ ገጾች ከብዙ እጅ በኋላ ተቀደው ስለነበር መጨረሻውን ለአንባቢ በቃሌ የምጨርስለት እኔ ነበርኩ። ነጩን ሰውዬ ከሕዝቡ መሐል አስነሥቼ "አይቻለሁ" አስብለው ነበር። ከደራሲው ብበልጥ እንጂ አላንስም።

ሰይድ የቢስቲማ ሰው ነው፤ ኮምቦልቻ ጨርቅ ይጭንና ያወርድ ነበር። አያቱ ባሪያ ስለነበሩ ሰዉ ከኋላው በዚያው ስም ይጠራዋል። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ዘንድ ይመጣል።

"ጋሼ፣ እስቲ ያቺን መጨረሻ።"

"ስንቴ ልንገርህ?"

"እስክጠግባት።"

አንድ ሐሙስ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ከእኔ ጋር ተቀምጦ ዋለ። በዚያው ሰዓት ኮምቦልቻ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ጣቃ ጨርቅ ተሰረቀና ሰይድ ተያዘ።

እህቱ ዘይነባ መጣች። "ጋሼ ይመር፣ 'ወደ እሳቸው ሂጂ፣ ምስክር እንዴት እንደሚቆም ያውቃሉ' ብሎኛል።"

የስዊድን ቪዛዬ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ቃሌን ብሰጥ ችሎቱ እስኪያልቅ እንዳያቆዩኝ ፈራሁ።

"ነገ እመጣለሁ" አልኳት። በነጋው ሚኒባሱ ውስጥ ነበርኩ።

ስዊድን፣ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ሥራ ፈላጊ የምትመዘግበው ሴትዮ "የትምህርት ደረጃ?" አለችኝ።

"ራሴን አስተምሬአለሁ፤ ሦስት ቋንቋ።"

"'የለውም' ብዬ ልጻፍ። ቦታው ጠባብ ነው።"

የደሴ ብርድ ከነጉሙ ያቅፋችኋል፤ የዚህ አገር ብርድ ቆሞ ያያችኋል። ኋላ ለብቻዬ የተከራየሁበት ሕንጻ ደረጃ ላይ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ መብራት አለ። ክረምት ገብቶ ከሰዓት በኋላው ሲጨልም፣ ሐሙስ ሐሙስ ማንም ሳያልፍ ይበራ ጀመር። አከራይዋን ጠራኋት።

"ሰው ከሌለ አይበራም" አለችኝ።

"ሰው የለም። በርቷል።"

"እንግዲያው ሰው አለ።"

በዚያ ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያንን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አገኘሁት፤ ሙሉውን። መዝገበ ቃላት ይዤ መጨረሻውን አነበብኩ። ነጩ ሰውዬ አልመሰከረም። ሻንጣውን ዘግቶ በማለዳ ባቡር ከከተማው ወጣ። ጉም ነበር ይላል።

ሰይድ ሁለት ዓመት ታስሮ መውጣቱን ስሰማ በዘይነባ ስልክ ደወልኩለት። ሐሙስ ነበር።

"ጋሼ፣ ደኅና ነዎት? ብርዱ እንዴት ነው?"

"አንተስ? ሥራ?"

"ሌባ ተብዬ ማን መጋዘን ያስገባኛል? ይልቅ ያ መጽሐፍ እዚያ አለ ይሆን? እስር ቤት ለስንቱ ተረኩት መሰለዎት።"

"አለ።"

"መጨረሻው ያው ነው?"

በቤቴ በር ሥር የደረጃው ብርሃን ሲገባ አየሁ። የእግር ኮቴ አልነበረም።

"አይደለም፣ ሰይድ። ሰውዬው ሳይመሰክር ሄደ።"

"የእርስዎ ይሻል ነበር" አለኝና ስልኩ ተዘጋ።

ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ መጋዘን ያላችሁ፣ ይህን አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችልም አንብቡለት። ጨርቁ በተሰረቀበት ሐሙስ ከዙሁር እስከ አስር ሶላት ሰይድ ቧንቧ ውሃ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። አይቻለሁ። እያወቅሁ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ይህንኑ ልነግረው ዛሬም ደወልኩ። ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም። ደረጃው ላይ መብራቱ በርቷል።