የኡስታድ ኢላሂ ባክሽ ጣሪያዎች

ግንበኛው ኡስታድ ኢላሂ ባክሽ ዕድሜያቸውን የፈጁት በሰው ጣሪያ ላይ ነው። ከፓኪስታኗ ከተማ ከሙልታን ወዲህ ባለችው በዚያች መንደር እሳቸው ያልረገጡት የጭቃ ጣሪያ የለም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ጭቃና ጭድ አቡክተው ይወጣሉ፤ ውሃ የሚያቁረውን ጎድጓዳ በባዶ እግራቸው ዳብሰው ያገኙታል። «ጣሪያው እርቦታል፣ እናብላው» ይላሉ ያኔ። ጎድጓዳው በጭቃ ይሞላል፣ ውሃው ወደ አሸንዳው ይወርዳል፣ ባለቤቱም ይመርቃቸዋል።

የራሳቸው ጣሪያ ግን አልጠግብ አለ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይሏቸው ጀመር ጎረቤቶች። ሦስት ክረምት በተከታታይ አበሉት፤ ሦስቱንም ጊዜ ውሃው ተመልሶ መሃሉ ላይ ተኛ። ዘንድሮ ደግሞ ከሥሩ የምታድረው ምራታቸው ሹገፍታ ናት። ባሏ ለሥራ ካራቺ ነው፣ እሷም ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ከመጀመሪያው ዝናብ ማግስት አማቷ ጭቃ ሲያቦኩ አይታ ደጁ ላይ ቆመች።

«አባጂ፣ የጣሪያው ግንድ ይንቋቋል።»

«እንጨት እርጥበት ሲነካው ይንቋቋል። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግንበኛ የሆንሽው?»

«አልሆንኩም። ግን አምና እጄን ዘርግቼ የማልደርስበትን ግንድ ዘንድሮ እነካዋለሁ። እኔ እንደሆን አላደግሁም።»

ኡስታድ ሊስቁ ብለው ሳቁ አፋቸው ላይ ቀረ። ክፍሉ ገብተው ቀና አሉ። አርባ ዓመት ጣሪያን ከላይ እንጂ ከታች አይተውት አያውቁም ነበር። ግንዱ እንደ አሮጌ አልጋ ጠፍር ረግቧል። ወጥተው ጠርዙን ቢቆፍሩት አባታቸው የደለደሉት አፈር አንድ ስንዝር ነው፤ እሳቸው የጨመሩበት ግን ክንድ ያልፋል። ለካ ውሃው የሚተኛው ግንዱ ስለጎበጠ ነው፤ ግንዱን ያጎበጠው ደግሞ እሳቸው የጫኑበት ጭቃ ነው።

ሹገፍታን በዚያው ሰዓት ወደ ማድቤት አዛወሯት። ግንዱን በምሰሶ ደግፈው ሁለት ቀን ሙሉ አፈር አወረዱ። ከዚያ ከኋላ ግድግዳ ከፍ፣ ወደ አሸንዳው ዝቅ ያለ ስስ ልስን ለሰኑ። አንድ ባልዲ ውሃ ሲያፈሱበት አንዲት ጠብታ ሳትቆም ወረደ።

«ኡስታድ፣ ጣሪያውን ጾም አስያዙት እንዴ?» አለ አንዱ ጎረቤት ከታች። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን ዐይናቸው የባልቴቷ የማይ ጃናት ቤት ላይ ቀርቷል። የእኚያን ሴት ጣሪያ አምስት ክረምት አብልተውታል፤ ከሥሩ ሦስት የልጅ ልጆች ያድራሉ። በምሥራቅ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ቢናገሩ የአርባ ዓመት ስማቸው አፈር ሊበላ ነው። ፈሩ፣ አፈሩም። አካፋቸውን ይዘው ወረዱ።

ማይ ጃናት እንደ ልማዳቸው እየመረቁ ተቀበሏቸው፤ ጭቃው የት አለ ብለውም ጠየቁ።

«ጭቃ አላመጣሁም። አምስቱንም ዓመት የሠራሁልዎት ስህተት ነው» አሉ ኡስታድ። «ጣሪያው ሊደረመስ ይችላል። መጀመሪያ ልጆቹን ያስወጡልኝ፣ ከዚያ ይሰድቡኛል።»

ባልቴቷ አልተሳደቡም። ልጆቹን ጠርተው ደጅ አወጡ፣ ትንሿን አዘሉ። ከዚያ መንደሩን ዘወር ብለው አዩት።

«ሌላስ የማን ቤት አለ?»

«የሁሉም» አሉ ኡስታድ ኢላሂ ባክሽ።