ግራ እጅ

ጓደኛዬ ከተቀበረች በኋላም ከክፍል አልወጣችም። ይህን ለማንም አላወራሁም፤ ጠበል ውሰዷት ይሉኛላ! ግን እውነት ነው። ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ሲወጡ ልገመግማቸው ዓለም ባንክ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የኋላው ዴስክ ላይ ስቀመጥ ሳላስበው ጠጋ ብዬ ቦታ እለቅላታለሁ። ከዚያ እስክሪብቶዋ ይሰማኛል፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ስታስብ እንደዚያ ታደርግ ነበር። በሕይወት ሳለች ያ ድምፅ ደሜን ያፈላው ነበር። "ኧረ በፈጠረሽ ተይው፣ ጭንቅላቴን አዞርሽው!" እላት ነበር። አሁን ሲጠፋብኝ ነው የምደነግጠው።

የሁለታችንም ሥራ መምህራን ማሠልጠን ነው። አንድ ጊዜ አብረን አንዲት ዕጩ ስንገመግም፣ ዕጩዋ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እጅ ያወጣል። አንድም ልጅ አይቀርም። የምትጠራው ሁሉ ደግሞ በትክክል ይመልሳል። እኔ ደስ ብሎኝ ጥሩ ነጥብ ልሰጥ ስል ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"እጆቹን እያቸው" አለችኝ።

አየሁ። ግማሾቹ ያወጡት ግራ እጃቸውን ነው። ለካ ዕጩዋ ገምጋሚ ይመጣል ብላ አስቀድማ አስጠንታቸዋለች፦ የሚያውቅ ቀኝ፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያውጣ። የምትጠራው ቀኞቹን ብቻ ነው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

"አያሳዝኑም?" አለች። "አላውቅም ብለው እጃቸውን ሰቅለዋል፤ የሚያያቸው ግን የለም።"

የሳቀችው በኋላ ነው። 18 ማዞሪያ እናቷ ቤት ስንገባ፣ መሀል ሳሎን ቆማ አንዴ አስተማሪዋን፣ አንዴ ልጆቹን እየሆነች ስታሳያቸው እናቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቃት አለ። እኛ ከኋላ ስንቀመጥ እነዚህ ዕጩዎች የሚያስተምሩት ማንን ነው? ልጆቹን ወይስ እኛን? ዩኒቨርሲቲው የምርምር ድጋፍ ማስታወቂያ ሲያወጣ ለማመልከት ወሰንን። ጦር ኃይሎች አንድ ጁስ ቤት ፎቅ ላይ ተቀምጠን፣ ከታች የታክሲ ረዳቶች እየጮሁ፣ እኛም ከላይ እየተጨቃጨቅን ጻፍነው። እሷ ዋና አጥኚ፣ እኔ ተባባሪ። ሳናስገባው ታመመች። ሕመሙ ጊዜ አልሰጠንም።

ለቅሶው ላይ እናቷ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ያ ጥናታችሁ እንዳይቀር። ስሟ የሆነ ቦታ ይቀመጥልኝ፤ ልጅ እንኳ አልተወችልኝም" አሉኝ። "እሺ እማማ" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ማመልከቻውን በሁለታችንም ስም አስገባሁ። ጥናቱን የምናስረዳበት ቀን ደረሰና አመልካቾች በሙሉ አንድ አዳራሽ ተሰበሰብን። እያስረዳሁ ዓይኔ ከኮሚቴው ላይ እየሸሸ ወደ መጨረሻው ረድፍ ይሄድብኛል። እዚያ ባዶ ወንበር ነበር። ልክ እንደ ዕጩዎቻችን፣ ከፊቴ ያሉትን ትቼ የማወራው ከኋላ ለተቀመጠችው ነበር።

ኮሚቴው ጥያቄውን ወደደው። ሰብሳቢው ግን መነጽሩን አወለቀ።

"ነፍስ ይማር። ነገር ግን በሕይወት የሌለ ሰው በአጥኚነት አይመዘገብም። ምስጋናው ላይ ያንሷት።"

"ሐሳቡ እኮ የእሷ ነው!"

"መመሪያ ነው፤ ምን እናድርግ?"

ምስጋና! ሻይ ያቀረበችልኝ ይመስል። ተናድጄ ተቀመጥኩ።

መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው አብሮን የሚያጠና ሰው የጎደለብንን አመልካቾች አንድ ላይ ጠየቀን። "ጥናቱን ብቻዬን እወጣዋለሁ የምትሉ እጅ አውጡ። የማያወጣ ይቀርበታል።" ባወጣ ስሟ ይሰረዛል። ባላወጣ ጥያቄዋ አብሯት ይቀበራል። ከኋላዬ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ፈራሁ። እጄን አወጣሁ፤ ጥናቱም አለፈ።

ከዚያ በቀጥታ 18 ማዞሪያ ሄድኩ። እማማ በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አለፈ?"

"አለፈ፣ እማማ።"

"ስሟስ?"

ዋሽቼ ልገላገል አስቤ ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። የተቆጡኝ መስሎኝ ልነሳ ስል፣

"ብቻሽን ትችይዋለሽ ታዲያ?" አሉኝ።

"እችላለሁ ብዬ እጄን አውጥቻለሁ።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"የትኛውን?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሴም ልብ አላልኩትም ነበር።

"ግራዬን" አልኩ።

ግራ እጄን ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና እስኪመሽ ድረስ አልለቀቁትም።