ለቱፋ የገጠምኩት ሃምሳ አራት ጥርስ

ቱፋ ነበረ፤ ከሲሬ በላይ ባሉ ቀበሌዎች እየዞረ ከብት የሚከትብ፣ የእኔ እኩያ። አልማዝ ነበረች፤ ከጋራዣችን ፊት ለፊት ባለው የመለዋወጫ ሱቅ የምትሸጥ። ጋሽ በቀለ ነበሩ፤ የጋራዡ ባለቤት፣ የእኔ አለቃ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ታዬ፣ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት። ስማቸውን ያስጠራኝ የመጨረሻው ልጄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ፣ ግቢያችን ውስጥ ትንሿን ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ሰንሰለቷን ሲፈታ ደረስኩበት። ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ከምትሆነው ዓይነት ናት። ከጓደኞቹ ጋር ዳገት ለዳገት ይዞራል።

«አባዬ፣ የኋላውን ጥርስ ልቀይር ነው። ዳገት ላይ ትደክምብኛለች። ስንት ይሻለኛል? ስልኩ ላይ አንድ ሰው ሃምሳ ሁለት አድርግ ይላል።»

ዕድሜውን ሙሉ እጁን ግራሶ ውስጥ ሲነክር የኖረ አባቱን፣ ስሙን ከማያውቀው ሰው ቀጥሎ ጠየቀኝ። ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ በስልክ ቀናሁ። ቅናት አይሸብትም። ለዚህ ነው አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ለየትኛውም ልጄ ነግሬው የማላውቀውን የነገርኩት።

እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ጉልበታቸው ውስን ነው። ያንን ጉልበት የት እንደሚያውሉት የሚወስኑት በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት ባለጥርስ ክቦች ናቸው፤ ትንሹ ሞተሩ ጎን፣ ትልቁ የኋላ ጎማ ላይ። የፊተኛው ጥርስ ሲያንስ ወይም የኋላው ሲበዛ ዳገት ይቀላል። ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መንገዱ አይገፋም። ይህን ያስተማረኝ መምህር የለም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ማካፈልን የጋራዥ ወለል ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ ነው የለመድኩት፤ በዚህም ከሚገባኝ በላይ እኮራ ነበር።

ጋሽ በቀለ በጠመኔዬ አያምኑም። የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ደንበኛው ፊት ሁለት ባዶ የወተት ጣሳ ያስቀምጡና አንድ እፍኝ የብሎን ዳዶ ይሰጡታል። «በሳምንት ስንት ጊዜ ዳገት ትወጣለህ? ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እዚህ ጣል። ስንት ጊዜ አስፋልት ትነዳለህ? እዚያኛው ላይ ጣል።» ከዚያ ሁለቱን ጣሳ አይተው የጥርሱን ቁጥር ይወስናሉ። ደንበኛው የጣለውን ዳዶ ማንም አይነካም፤ እሳቸውም ቢሆኑ። «ሰው ለምን እንደሚሄድ አትጠይቀው፤ የት እንደሚሄድ ብቻ ጠይቀው» ይሉኝ ነበር።

ቱፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጋ ይወርዳል። በመልካሳ በኩል አዋሽን ተሻግሮ፣ አቧራውን እንደለበሰ ቀጥታ አልማዝ ሱቅ በር ላይ ያቆማል። የሞተሩ ድምፅ ከጥግ ሲሰማ እሷ በሱቁ መስታወት ፀጉሯን ታስተካክላለች። ለእኔ አንድም ቀን አስተካክላ አታውቅም። እኔ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ «ስምንት ቁጥር ብሎን አለ?» ከማለት በቀር የነገርኳት ነገር አልነበረም።

«አከም ቡልቴ፣ ታዬ? ፈያ?» ይለኛል ቱፋ በኦሮምኛ፣ መንገዱን ተሻግሮ፤ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ ማለቱ ነው።

«ፈያ» እለዋለሁ፣ ከሥራዬ ቀና ሳልል።

እናቱ የሠራችውን ጩኮ ይዞ ይመጣል፤ ቅቤ የጠገበ፣ ገብሱ በደንብ የተቆላ። አልማዝ ከዚያ ቆርሳ በጋዜጣ ቁራጭ ታመጣልኛለች። «ቅመስ እንጂ፣ ምን ያኮሳትርሃል?» ትለኛለች። እበላለሁ። ይጣፍጣል። የሚጣፍጥ መሆኑ ነበር ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሳቋን እቆጥራለሁ። አንድ ቅዳሜ አሥራ ሰባት ጊዜ ሳቀች።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ጋሽ በቀለ ወንጂ ለቅሶ በሄዱበት ቀን፣ ቱፋ ሞተሩን ገፍቶ አስገባልኝ።

«የክትባቱን ሳጥን ስጭንባት ዳገቱ መሃል ትሞትብኛለች» አለ። «ከፊት አሥራ አምስት፣ ከኋላ አርባ አምስት ጥርስ ነው ያላት። የሚሻለውን አንተ ታውቃለህ።»

ጣሳዎቹን አቀረብኩለት። ዳገቱ ላይ አራት ጣለ። አስፋልቱ ላይ ሦስት።

«እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው?»

«አንዱ የወረዳ ስብሰባ። ሁለቱ የቅዳሜ መምጫና መመለሻ።»

«ቅዳሜ ሥራ ነው እንዴ?»

«ከሥራም ይበልጣል፣ ወንድሜ» ብሎ ወደ ሱቁ በአገጩ ጠቆመ።

እጄን የአስፋልቱ ጣሳ ውስጥ ከትቼ ሦስቱንም ዳዶ አወጣሁ። «መንግሥት ሞተር የሰጠህ ለከብት ነው» አልኩት። ያኔም መምከር እወድ ነበር። «ዳገት ነው ብለሃል፣ ለዳገት እሠራልሃለሁ።» ቱፋ ትከሻውን ነቀነቀና ሳቀ፤ አመነኝ። የሚሻለው አሥራ አራት በአርባ ስምንት እንደሆነ በልቤ አውቀው ነበር። ዳገቱንም ይወጣበታል፣ አስፋልቱንም ይነዳበታል። እኔ ግን እዚያው ደጋ ላይ የሚያስቀረውን ነበር የምፈልገው።

ተሻግሬ አልማዝን ሃምሳ አራት ጥርስ ጠየቅኳት።

«ሃምሳ አራት? ይሄ እኮ የሚገዛው አጥቶ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። ለማን ነው?»

«ከተማ ለማይወርድ ገበሬ።»

«ጎበዝ ገበሬ ነው» አለችና አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። የፊተኛውን አሥራ ሦስት አደረግኩት። ገጠምኩ፣ አጠበቅኩ፣ ቀባሁ። እጄ ጥሩ ሥራ ሠራ፤ ያበላሸው ልቤ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቱፋ አርፍዶ፣ ጆሮው በጩኸት ደንቁሮ ደረሰ። «ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣለች» አለ፣ «ሜዳው ላይ ግን አህያ ይቀድመኛል።» በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም። በሦስተኛውም። አልማዝ በሩ ላይ ቆማ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያሽከረክር ታያለች። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አልኳት። የዚያን ቀን ሻዬን በምን ደስታ እንደጠጣሁት ሳስታውስ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።

ግንቦት ሊወጣ ሲል ከሲሬ በላይ የከብት ሳንባ በሽታ ገባ። የእርሻ ወቅት ደርሶ፣ ገበሬው በሬውን ከመጥመዱ በፊት ማስከተብ ነበረበት። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሽታ ስለነበር ቱፋ በሞተሩ ቢሾፍቱ ድረስ ወርዶ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዞ ተነሣ። በረዶው እስኪያልቅ ያለው ጊዜ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። እሱም ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ጨምቆ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አስፋልት ላይ ነዳ። ሞተሩ እኔ በሰጠሁት ጥርስ እየጮኸ ሞጆ ሳይደርስ ነከሰ፤ ፒስተኑ ግሎ ተጣበቀ። መንገድ ዳር መኪና ለማስቆም እጁን እያወዛወዘ መሸበት። ሲሬ የደረሰው በማግስቱ በጭነት መኪና ነው። በረዶው ውሃ ሆኗል። መንደሩ ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። ቱፋ የሞተ ክትባት አልወጋም ብሎ መለሳቸው። አዲስ ክትባት እስኪመጣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ በዚያ ውስጥ ዘጠኝ በሬ ሞተ።

ሞተሩ ጋራዣችን ሲመጣ ጋሽ በቀለ ተቀምጠው የኋላውን ጥርስ በጣታቸው ቆጠሩ። ሃምሳ አራት ላይ ቆሙ።

«ዳዶው ስንት ነበር?» አሉ።

«አራትና ሦስት፣ ጋሼ» አለ ቱፋ በቅን ልቡ። «ሦስቱን ታዬ ሥራ አይደለም ብሎ አወጣቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አብዝቼ ነዳኋት።»

አልማዝ ቱፋን አይታ መንገዱን ተሻግራ መጥታ ነበር። የኋላውን ጎማ አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ገበሬ ያልከኝ እሱን ነው?»

ቱፋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ተመለከተ፤ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ብትነግረኝም ኖሮ ቅዳሜን አልተውልህም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ምን ላይ እንደተቀመጥኩ አውቄ እነዳ ነበር።»

ጋሽ በቀለ አላባረሩኝም። አዲሱ ክትባት ሲመጣ ሳጥኑን ተሸክሜ ከቱፋ ጋር እንድወጣ አዘዙኝ። ሁለት ቀን አብረን ሄድን። አንድ ማሳ ላይ አንድ ሽማግሌ በሬያቸው ሞቶባቸው፣ የቀረውን ከጎረቤት ፈረስ ጋር ጠምደው ሲያርሱ አገኘናቸው። ፈረሱ ይቸኩላል፣ በሬው ይጎተታል፣ ትልሙ ይጣመማል። ሽማግሌው እርፉን ለቀው መጡና፣ ከከተማ ድረስ ለከብታችን ብለህ ደከምክ ብለው መረቁኝ። እርጎ አስመጡልኝ። ጠጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት አፌን አልከፈትኩም። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም የሚከብደኝ ያ እርጎ ነው፤ ጥርሱን በቅናት ገጠምኩት፣ እርጎውን ግን በፍርሃት ነው የጠጣሁት።

ቱፋ ደመወዙን ተቀጥቶ ወደ ቦረና ተዛወረ። አልማዝ ሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤ ጠበቀች፤ በኋላ ሻሸመኔ አገባች። እኔ ለእሷ የሆነ ቃል ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብሎን የምገዛው ከሌላ ሱቅ ነበር።

ልጄ ይህን ሁሉ ሲሰማ መፍቻውን አስቀምጦ ነበር። መክሬው መጨረስ አማረኝ፤ ቅናት እንዲህ ነው፣ ለሰው የምትቆፍረው ጉድጓድ እንዲህ ነው ልለው። ተውኩት። ቀናተኛ ሰው ሌላውን ከልክሎ ለራሱ የሚያተርፍ ይመስለዋል። እኔ ግን ከቱፋ የከለከልኩት ቅዳሜ አንዱም ወደ እኔ አልመጣም። ባለቤቱንም ቀማኛውንም ባዶ እጅ የሚሰድ እንዲህ ያለ ሌብነት ሌላ አላውቅም።

«በጠቅላላ ስንት ፈጀ?» አለኝ ልጄ።

ዘጠኙን በሬ በዚያን ጊዜ ዋጋ፣ ጋሽ በቀለ ከኪሳቸው ያደሱትን ሞተርና የቱፋን የሁለት ወር ደመወዝ ደምሬ ነገርኩት። የሽማግሌውን ጠማማ ትልም፣ ቱፋንና አልማዝን እንዴት እንደሚደመሩ ስለማላውቅ ተውኳቸው። የቀረው አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ብር ነው፤ በወር መቶ ሰማንያ ብር ይከፈለው ለነበረው ታዬ፣ የሰባት ዓመት ደመወዝ።